ፊቱ ያልተወጋው ፑዲኒ

አክስቴ ኡላሚላ እናቴን በገና ዕለት፣ በሹሙና በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት ቀማቻት። ማንም ነግሮኝ አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰው መሃል ዘላ ገብታ ፑዲኒውን ከነጣሳው ከእናቴ ክንድ መንጭቃ ሮጠች። ሰውም ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ የፊት ጥርሴ የወለቀ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልታየኝም።

ዛሬ በዚህ መንደር ለሹሙ ማዕድ የሚቀርበውን ፑዲኒ፣ በጣሳ የሚቀቀለውን የገና ኬክ፣ የምሠራው እኔ ኬሌራ ነኝ። ስኳሬን የማከስለው እስኪጠቁር ነው። ከዚያ በመለስ ያለውን የገረጣ ነገር የፈለገ ይብላው። ይህን ስል ትዕቢት የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ትዕቢቴ ግን ባለቤት አለው፣ ከሁለት ሴቶች ነው የወረስኩት። አንደኛዋን ለብዙ ዓመት ጠላት አድርጌ ይዣት ነበር።

አባቴ ሳኪዩሳ ላውቶካ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ነው የኖረው። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። ወገቡ እምቢ ሲለው ሥራውን ትቶ እኛን ይዞ ወንዙ አፍ ላይ ወዳለው ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። ለእሱ መመለስ ነው፤ ለእናቴ ለቶሪካና ለእኔ ግን አዲስ አገር ነበር። እናቴ ከሩቅ ደሴት፣ ከነጭ አሸዋ የመጣች ሴት ናት። እዚህ ያለው ጭቃ ነው። ጭቃ፣ ጭቃው ውስጥ የሚበቅል የማንግሮቭ ዛፍ፣ ሸርጣን፣ ከዚያ ደግሞ ጭቃ።

በመጣን በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ግንድ የምታህል ሴት ሳታንኳኳ ገባች። የአባቴ ታላቅ እህት ኡላሚላ ነበረች።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለች እናቴን ከእግር እስከ ራሷ እያየች። «ሳኪዩሳ፣ ሚስት አገባሁ ያልክ መስሎኝ ነበር። ይሄ የደረቀ ዓሣ አይደለም እንዴ?»

እናቴ ሰሌኑን ትጠርግ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «አንቺስ ከየትኛው የሸርጣን ጉድጓድ ወጣሽ? እግርሽን ታጠቢ፣ ቤቴን ጭቃ አታልብሽብኝ።»

«ውይ! አፍም አላት!» አለች አክስቴ። ዓይኗን ቤቱ ውስጥ አንከራተተችና ከላውቶካ የመጣውን አዲሱን ሳፋችንን አንሥታ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች። እኔ አባቴ ተነሥቶ የሚያስጥለን መስሎኝ ጠበቅኩ። እሱ ሻዩ ላይ አቀርቅሮ ይስቅ ነበር።

የእናቴ ደሴትና የአባቴ መንደር ታውቩ ናቸው፤ ከአንድ ጥንታዊ መንፈስ ነው የወረድነው ይላሉ። ታውቩ ታውቩውን ይሰድባል፣ ከቤቱ ያማረውን ዕቃ ያነሣል። የተነሣበት ሰው አይቀየምም፤ ከተቀየመ ነውረኛው እሱ ነው። ይህን የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከጡት ጋር ጠብቶታል። እኔ ግን የወደብ ልጅ ነኝ። ወደብ ላይ የሰው ዕቃ ያነሣ ሌባ ይባላል።

ስለዚህ ሌባዋን በዓይኔ መከተል ያዝኩ። ሳፋው ሄደ። የእናቴ አበባ ያለው ሽርጥ ከገመድ ላይ ሄደ። ጨው ሄደ። እናቴ ግን ትስቃለች፤ እኔ ያንን ሳቅ የፈሪ ሳቅ ነው ያልኩት። በዚያው ሰሞን ማድ ቤታችን በር ላይ ደህና የዓሣ መረብ ተሰቅሎ እንደነበር፣ አንዲት ነጭ ዶሮም እኛ ቤት ማደር እንደጀመረች ልብ አላልኩም። ሁለቱም የአክስቴ ነበሩ። ልጅ ከቤቱ የሚወጣውን እንጂ ወደ ቤቱ የሚገባውን አያይም።

ገና ሲቃረብ ሴቶቹ በሹሙ ባለቤት ቤት ተሰበሰቡ። ማን ጎደሬ ያወጣል፣ ማን አሳማውን ያሰናዳል፣ ማን ለሹሙ ማዕድ ፑዲኒ ይሠራል፣ ይህን ሊደለድሉ ነው። እናቴን ገና አልጠሯትም ነበር። እኔ በር ላይ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ውስጥ ጣልኩ።

«ለሹሙ የሚቀርበው በሳኪዩሳ ቤት ይሁን» አለች አክስቴ።

ከዚያ በፊት ሲሠራ የነበረው በቲቲሊያ ቤት ነው። ቲቲሊያ ቀጭን፣ ምላሷም ቀጭን የሆነች ሴት ነበረች። «የሳኪዩሳ ሴትዮ? በላምባ ምድጃ የለመደች ከተሜ? እንጨት አንድዳ ታውቃለች? ፑዲኒ እኮ ብስኩት አይደለም።»

«ለእሷ ስጧት አልኩ።»

«ቢበላሽስ?»

«ቢበላሽ እኔ አለሁ» አለች አክስቴ፤ ነገሩም በዚሁ ተቆረጠ።

ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። «እማ፣ ወጥመድ ነው! ቢበላሽ እኔ አለሁ አለች! ልትስቅብሽ ነው!»

እናቴ ኮኮናት ትፈቀፍቅ ነበር። እጇ ቆመ። «እንደዚህ አለች? በሁሉም ፊት?» አለችኝ። ዓይኗ እርጥብ አለ። እኔ ፈርታ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኡላሚላ ያን ቀን የራሷን ስም ነበር መያዣ ያደረገችላት። በእኛ አገር የአንድ ሴት ስም በሹሙ ማዕድ ላይ ከወደቀ ልጇ እስኪዳር ድረስ ይወራል። ይህን ያወቅሁት እኔ ራሴ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ያን ለት ማታ እናቴ ለአባቴ እንዲህ ስትለው ሰማሁ፦ «እዚህ ከመጣን ጀምሮ አንድ ሰው በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። የሳኪዩሳ ሴትዮ፣ የሳኪዩሳ ሴትዮ። ይሄ ከወጣልኝ ቶሪካ ይሉኛል።»

አባቴም «ይወጣልሻል» አላት።

እኔም ይህንን ብቻ ያዝኩ። ፑዲኒው ከወጣ እናቴ ስም ይኖራታል፤ ካልወጣ አይኖራትም።

የገና ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ወንዶቹ ምግቡ በጋለ ድንጋይ የሚበስልበትን የሎቮ ጉድጓድ ቆፍረው ድንጋዩን ማጋል ጀምረዋል፤ ጭሱ ዝቅ ብሎ በመንደሩ መሃል ይሄዳል። እናቴ ስኳሩን ወፍራሙ ድስት ውስጥ አፈሰሰችና እሳቱ ላይ ጣደችው። ውሃ የለበትም፣ ምንም የለበትም፣ ስኳር ብቻ ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ላበው። ከዚያ ማር መሰለ። ከዚያ ሻይ መሰለ። ሽታው እስከ ጉሮሮዬ ገባ።

«አሁን ይበቃል እማ።»

«ቆይ።»

አክስቴ በሩ ላይ ደረሰች። «ኧረ የመንደር ሰው! ቤት እየተቃጠለ ነው! ውሃ ይዛችሁ ድረሱ!»

«አንቺ ጭቃ፣ ዝም በይ።»

«ምን ልታበያቸው ነው? ከሰል? የእናንተ ደሴት ሰው ስኳር አይቶ ስለማያውቅ ነው እኮ፤ ሲያገኘው ይገድለዋል።»

«ቆይ አልኩሽ።»

ስኳሩ ጠቆረ። አረፋው ተነሣ፣ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ከመሃሉ ወጣ። እዚያ ላይ ነው እናቴ የኮኮናቱን ወተት የደፋችበት። ድስቱ ጮኸ። ስኳሩ ተኮማትሮ ድንጋይ ሆነ። እኔ አለቀልን ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ። እሷ ዝም ብላ ማማሰል ነው። ድንጋዩ ቀስ እያለ ቀለጠ፣ ወፍራምና ጥቁር ወጥ ሆነ፣ እንደ ዘይት የሚያበራ። አክስቴ ጣቷን ሰዳ ላሰች። እንደገና ሰዳ ላሰች።

«ሌባ» አላት እናቴ።

«ዱቄቱን ቶሎ ጨምሪ፣ የደረቀ ዓሣ» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ ቤኪንጉ፣ የተፈቀፈቀው ኮኮናት ገባ። ሊጡን ትልቁ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አፈሰስነው። አፉን በሙዝ ቅጠል ሸፍነን አሰርነው፣ ክዳኑን ደፋንበት፣ ከዚያ ውሃ የሚፈላበት ጎላ ድስት ውስጥ አስቀመጥነው። ከእንግዲህ ሥራው የእሳቱ ነው።

ዝናቡ መጣ። የታኅሣሥ ዝናብ እኛ ዘንድ አይንጠባጠብም፣ ይወድቃል። የማድ ቤቱ ክዳን በአንድ ጎኑ አርጅቶ ያፈስ ነበር፤ ውሃው ጉልቻው ላይ ወረደ። እንጨቱም ረጠበ። እናቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ትነፋለች፣ ዓይኗ ከጭሱ የተነሣ ቀልቷል፤ ጎላው ይፈላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይፈላል። ላውቶካ ላይ ቢሆን የላምባ ምድጃዋን ለኩሳ ሽርጧን ትሰፋ ነበር። እኔ እሳቱን ከዝናቡ ለመከለል ቆርቆሮ ይዤ ቆምኩ፤ እጄ ዛለ።

የቤተ ክርስቲያኑ የእንጨት ከበሮ ተመታ። ድው፣ ድው፣ ድው። እናቴ ጣሳውን አወጣችና የሙዝ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አየችው። ላዩ ያበራል፣ ጥቁር ነው፣ እንደ ተወለወለ ጫማ።

«በስንጥር ወግተሽ አታዪውም?» አልኳት። ላውቶካ ሁልጊዜ የኮኮናት ቅጠል ስንጥር ትወጋበት ነበር። ደርቆ ከወጣ በስሏል፤ ሊጥ ይዞ ከወጣ አልበሰለም።

«ለሹም የሚቀርብ ፊቱ አይወጋም» አለችኝ። «ክዳኑ የሚከፈተው በራሱ በሹሙ ፊት ነው። ቀዳዳ ካየ፣ ሊጥ ይሆን ብላ የጠረጠረች ሴት ሠራችው ይባላል። ቲቲሊያ ነግራኛለች።»

እንግዳ ሰው የአገሩን ወግ ሲይዝ ከባለአገሩ ያጠብቀዋል። ሌሎቹ ሴቶች እንጨታቸውን ያውቁታል፣ ክዳናቸውም አያፈስም። እሷ የያዘችው ወጉን ብቻ ነበር።

ከጸሎት ወጥተን ምግቡን ልንወስድ ማድ ቤት ስንገባ አክስቴ ተከትላን መጣች። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ይጨሳል። ጣሳውን እናቴ ከማንሣቷ በፊት አክስቴ ጎንበስ አለችና በጣቷ አንጓ ጎኑን መታችው። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከመሃል፣ አንዴ ከታች። ጆሮዋን ወደ ጣሳው አስጠግታ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

ቅናት ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ቀናሽ አይደል!» ልላት ምንም አልቀረኝም።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እናቴ ራሷ ጎንበስ ብላ መታችው። ቀና ስትል ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ጊዜ የለም?» አለች እናቴ በቀስታ።

«የለም። ሹሙ ተቀምጧል።»

«አንቺ ስምሽን...»

«ተሸከሚ» አለቻት አክስቴ። «ቀጥ ብለሽ ሂጂ።»

እናቴ ጣሳውን አቅፋ ወጣች። ዳሱ ሜዳው ማዶ ነበር፣ በኮኮናት ቅጠል የተከደነ፣ ሰሌን የተነጠፈበት። ሴቶች በሰልፍ ይሄዳሉ። ከሎቮው የወጣ አሳማ፣ ጎደሬ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ ቅጠል፣ ሁሉም በየቅርጫቱ ይሄዳል። እኔ ከእናቴ ኋላ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምራመደው። እሷ ቀብር እንደሚሄድ ሰው ትሄዳለች። ክብር ነው አልኩ፤ ለሹም እንደዚህ ነው የሚኬደው።

ሜዳው መሃል ስንደርስ ጩኸት ተሰማ።

«የዓሣ በሊታዎቹ ንብረት ተወረሰ!»

አክስቴ ናት። ሽርጧን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ያን ሁሉ ገላዋን ይዛ እንደ ኮረዳ እየዘለለች መጣች። ጣሳውን ከእናቴ ክንድ መነጨቀችው። «ይሄ ለሹም አይባክንም! ሹሙ ጥርስ የለውም! ይሄ የእኔ ነው!»

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ወንዶች ሰሌኑን በመዳፋቸው ይመታሉ። ሹሙ ራሱ ወደ ኋላው ተንጋልሎ «ያዟት! አስጥሏት!» ይላል፤ ማንም አይይዛትም። እሷ ወደ ወንዙ ወርዳ ጀልባዋ ላይ ዘለለች፣ በመቅዘፊያው ዳሩን ገፍታ ወደ መሃል ገባች። እዚያ ቁጭ ብላ ክዳኑን ከፈተች፣ እጇን እስከ አንጓው ሰደደችና ሁሉም እያያት ጎረሰች።

«ወይኔ ቶሪካ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ከማዶው ማንግሮቭ ተመለሰ። «ቶሪካ! እጅሽን ቁረጪና ስጪኝ! ቶሪካ! ሂጂና የእኔን ማድ ቤት ዝረፊ፣ አልቀየምሽም! ይሄንን ግን አልመልስልሽም!»

እኔ ዳር ላይ ሆኜ ጭቃ እየጠፈጠፍኩ እወረውርባት ነበር። ዞር ስል እናቴ ሜዳው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች ነው ብዬ አብሬያት አለቀስኩ። ካደግሁ በኋላ «ትስቂ ነበር ወይስ ታለቅሺ?» ብዬ ጠይቄአት ነበር። «ሁለቱንም። አንቺን ምን አገባሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ተነሣች። ፊቷን ጠረገች፣ በቀጥታ ወደ አክስቴ ቤት ሄዳ አክስቴ ለቤቷ የሠራችውን ፑዲኒ ይዛ መጣች። በሹሙ ፊት ተንበርክካ ክዳኑን ከፈተች። የገረጣ ነበር፤ ፊቱም በስንጥር ተወግቶ ተበሳስቷል። ሹሙ ቀዳዳዎቹን አየና «የዘራፊዋ ቤት ፊቱን ፈንጣጣ ይዞታል!» አለ። ሰው እንደገና ሳቀ። ሹሙ ግን በላ፤ ደግሞም ጨመረ። ቲቲሊያ ጎደሬዋን ታላምጥ ነበር።

አክስቴ ስትመለስ ጣሳው ባዶ ነበር። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «በዚህ ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ ስኳር ተበልቶ አያውቅም። ያልቀመሰ ይሙት» አለች በሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሳኪዩሳ ሴትዮ የሚል ጠፋ። ቶሪካ ሆነች። ኡላሚላን ከሹም አፍ ያሰረቀ ፑዲኒ የሠራችው ቶሪካ። በሚቀጥለው ገናም ለሹሙ ማዕድ የሚሠራው በእኛ ቤት ሆነ። እናቴ ያን ጊዜ ፊቱን ወጋችው፣ በዙሪያው እንደ አበባ አድርጋ። ማንም ምንም አላለም፤ ሹሙ ከቀዳዳ ጋር መብላት ለምዶ ነበር። ዛሬ በመንደራችን ለሹም ሳይወጋ የሚቀርብ ፑዲኒ የለም። ሌላ መንደር ይህን ነውር ይለዋል። ይበል፤ የእነሱ ሹም ሊጥ ይብላ።

እኔ ግን ቂሜን አልተውኩም። ግትር ነኝ፤ ይህን የማያውቅ የለም። ለአክስቴ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ምግብ እወስድላታለሁ፣ ልቤን ግን አልሰጣትም ነበር። ያች ሌባ እላለሁ በሆዴ።

አግብቼ ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ለገና ኮኮናት ስንፈቀፍቅ በወጣት ሴቶቹ ላይ እኮራ ነበር። «የእናቴ ፑዲኒ እኮ ሰው ከሹም ፊት የቀማው ነው። የእናንተን ማን ይቀማል?»

አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አርጅታለች፣ ጥርሷ አልቋል። ሳቋን ለቀቀችው፣ እስክታስል ድረስ።

«ምን ያስቅሻል፣ አክስቴ?»

«ጥሬ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ምኑ?»

«ፑዲኒው ነዋ። ላዩ በስሏል፣ ከሥሩ ሊጥ ነው። ጣሳውን ስመታው ድምፁ እንደ ጭቃ ሆነብኝ። የበሰለ ከጣሳው ይለቃል፣ ይጮኻል።»

እጄ ላይ ያለው ኮኮናት ወደቀ። «ታዲያ ሲያዩሽ በላሽው አይደል?»

«ዳር ላይ ቆመው እያዩኝ ምን ላድርግ? የበሰለውን በላሁ፣ ሊጡንም ትንሽ በላሁ። የቀረውን ዞር ስል ለዓሣ ሰጠሁት። ሆዴ ግን እስከ አዲስ ዓመት፣ ሳምንት ሙሉ፣ አልተወኝም።»

«ቀምተሻት ስትሄጂ... እኔ እኮ...»

«አንቺማ ጭቃ ወረወርሽብኝ። ደህና ክንድ ነበረሽ» አለችና ባዶ ድዷን አሳየችኝ። «ሞኝ! ጥሩ ፑዲኒ ማን ይቀማል? ጥሩውማ ሹሙ ዘንድ መድረስ አለበት።»

ወጣቶቹ ሴቶች ያዩኛል። እኔ ተነሥቼ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሰሌኑ ጠባብ ነው ብላ በክርኗ ገፋችኝ። አልተነሣሁም።

ከዚያ በኋላ ማንኳኳት አስተማረችኝ። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ጆሮ አስጠግቶ መስማት።

የመጨረሻ ገናዋን ከምኝታዋ አልተነሣችም። እናቴ ከዚያ ቀደም አርፋለች። እኔ የሹሙን ፑዲኒ አቅፌ ወደ ዳሱ ስሄድ በበሯ በኩል አለፍኩ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ኬሌራ።»

«አንቺ የዓሣ ልጅ፣ ሳታሳይኝ ልታልፊ ነው? አምጪው ወዲህ።»

ጣሳውን ሰሌኗ ላይ አስቀመጥኩት። እጇ የደረቀ እንጨት መስሏል። በጣቷ አንጓ ከላይ መታችው። መሃሉን መታችው። ከታች ስትመታው ዓይኗን ጨፈነች። ውጭ የእንጨት ከበሮው ይመታል፣ ሰው እየጠበቀ ነው፤ እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ የጠበቅኩት እሷን ነው።

«ሂጂ» አለችኝ። «ይሄን የሚቀማ የለም።»

ጣሳውን አንሥቼ ወጣሁ። በዳር በኩል አቋራጭ አለ፤ በእሱ አልሄድኩም። በሜዳው መሃል፣ እናቴ በተቀማችበት በኩል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ቀስ ብዬ አለፍኩ።